ስለ ሱስ ምልክትና ስለ ሕክምናው

ሱስ ማለት ሰው በፈቃዱ የጀመረው ነገር ኋላ ፈቃዱን ሲገዛው ነው። በቀድሞ ጊዜ እንደ ስንፍናና እንደ ብልግና ብቻ ይቈጠር ነበር፤ ዛሬ ግን ሐኪሞች ከበሽታ ይቈጥሩታል።

በአዲስ አበባ ደቡብ ለቡ ትናንት እርሻ ነበረ፤ ዛሬ ሰፈር ሆኗል፥ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህም የጅቡቲ ባቡር በዚያ ይቆማል። በእንዲህ ያለ አዲስ ሰፈር ከየአገሩ የመጣ ወጣት ዘመድ ሳያየው ይውላልና፥ መለወጡን አስቀድሞ የሚያስተውለው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው።

መጠጣት ብቻውን ሱስ አይደለም፤ በሠርግና በክርስትና ጠላ የቀመሰ ሁሉ ሱሰኛ ቢባል በአገሩ ማን ይቀራል? ምልክቱ ግን ይህ ነው። ፊት በአንድ መለኪያ ይረካ የነበረ ዛሬ ሦስት አይበቃውም፤ እተዋለሁ ብሎ ይምላል፥ እስከ ማታ አይዘልቅም፤ ጧት እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ያንኑ ሲቀምስ ይረጋለታል። የጫት ሱስ ያለበትም በሰዓቱ ካላገኘ ሐራራ ይይዘዋል፤ ይፈዛል፥ ይነጫነጫል፥ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ ብሎ መጠጥ ከጨመረበት አንዱ ሱስ ሁለት ሆነ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ መከልከሉንም መምህራን ለወላጆች ቢያስታውቁ መልካም ነው።

ሽማግሎች ከሁሉ ይልቅ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ለዓመታት አረቄ ሳይለየው የኖረ ሰው፥ ቤተ ዘመዶቹ ለደኅንነቱ ብለው በአንድ ቀን ቢያስተዉትና በቤት ቢዘጉበት፥ ሊሞት ይችላል። አንጎሉ በመጠጥ መደንዘዝን ስለ ለመደ፥ መጠጡ በድንገት ሲቀር ያለ ልክ ይነቃል። በመጀመሪያው ቀን ላብና መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ያለ መውደቅ ሊከተል ይችላል፤ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ደግሞ ትኩሳት፥ መቃዠት፥ የሌለ ነገር ማየት። ይህን የማያውቁ ሰዎች ጋኔን ያዘው ይላሉ። በሐኪም ቤት ግን መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 እየተሰጠው በደኅና ከመጠጡ ይለያል።

ጠበልና መድኃኒትም አይጣሉም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋራ እንዲወስዱ ተናግረው ነበር፤ ይኸው ምክር ለመጠጥ ሕመምተኛም ይሆናል።

ሕመምተኛውን አስቀድሞ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል፤ የሚበልጥ ሕክምና ያስፈለገው እንደ ሆነ ወደ ሆስፒታል ይተላለፋል። በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል በሱስ የታመሙትንም ያክማል። «አማኑኤል ገባ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ስለ ኖረ ቤተ ሰብ ያፍራል፤ በዚህም እፍረት ሕክምናው ይዘገያል። መንቀጥቀጡ ከቆመ በኋላ ገና ረጅም ምክርና ጥበቃ ይቀራል፥ ዳግመኛ መውደቅም ይደርሳል። ወባ የተመለሰበት ሰው እንደማይሰደብ ሁሉ፥ የወደቀውንም ሳይሰድቡ ወደዚያው ጤና ጣቢያ መመለስ ነው።