ንጉሡ የማይዞሩት አደባባይ

ስለ ካምፓላ የሚጽፉ የፈረንጅ የጉዞ መጻሕፍት አንባቢያቸውን አስቀድመው የሚያስጠነቅቁባቸው ጥቂት ጉዶች አሉ። ሰው «አዎ» ለማለት አፉን አይከፍትም፤ ቅንድቡን ብቻ ከፍ ያደርጋል። ሰላምታ አንዴ ከተጀመረ መቋጫ የለውም። የሰዓት አቆጣጠሩ ከሌላው ዓለም በስድስት ሰዓት ይፋለሳል። መንገድ ዳር ካለው ዛፍ አናት ላይ ደግሞ ራሰ በራና ግዙፍ ወፍ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይታዘባል። ይህን ዝርዝር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ኢንቴቤ ለሚያርፍ ሐበሻ ቢያነቡለት ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ዝም ይላል።

እውነትም ለእሱ ምኑ ይገርመዋል? በሉጋንዳ ቋንቋ ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ፈረንጅ ጠዋት ሰባት የሚለው ለባጋንዳ ሕዝብ እንደ ጎጃሜው ሁሉ አንድ ሰዓት ነው። ካምፓላ ለምድር ወገብ በጣም ስለምትቀርብ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ትወጣለች፤ ስለዚህ ቆጠራውን ከንጋት መጀመር ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ያው የካምፓላ ሰው ቋንቋ ሲቀይር ነው። በሉጋንዳ «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ያለው ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ዘጠኝ ይላል። አውሮፓዊው ግራ ሲጋባ ሐበሻው ይህን ቅየራ ቤቱ ሲሠራው ስለኖረ ቀጠሮው አይፋለስበትም። ሁለቱ ከተሞች የሚገኙት በአንድ የሰዓት ቀጠና ስለሆነ የእጅ ሰዓቱን መንካት እንኳ አያስፈልገውም።

ወፉም ቢሆን የሐዋሳው አባ ኮዳ ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄዶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። በካምፓላ ስሙ ካሎሊ ሲሆን፣ ዓሣ መጠበቁን ትቶ የከተማ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ኑሮውን መሥርቷል። ሲቆም እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። እግሩ ኖራ የተቀባ የሚመስለው ሙቀቱን ለማብረድ ኩሱን በገዛ እግሩ ላይ ስለሚለቅ ነው። ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር መኪና የሚያቆም ሰው ይህን ሳይንስ ያለ መምህር ይረዳዋል።

የሰላምታው ነገርም እንዲሁ ነው። ባጋንዳ መንገድ ላይ ሲሠራ ያገኙትን የማያውቁትን ሰው እንኳ ስለ ሥራው አመስግነው «ጄባሌኮ» ብለው ነው የሚያልፉት። ከዚያ አዳሩ፣ ቤቱና ቤተሰቡ ይጠየቃል፤ ሁለቱ ሰዎች ተራ በተራ «እምም» እየተባባሉ እስኪለያዩ ድረስ ይቀጥላል። የከብቱንና የአዝመራውን ደህንነት ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ የማይገባ አገር ሰው በዚህ ሊስቅ አይችልም።

ለሐበሻው የሚገርመው ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ግርምት የሚያገኘው አስፋልት ሲሻገር ነው። ዩጋንዳ በእንግሊዞች ልማድ መኪና የሚነዳው በግራ ስለሆነ፣ ወደ ግራ ተመልክቶ «ነፃ ነው» ያለ እንግዳ በቀኙ ጡሩምባ ይደርሰዋል። ይህ በሁለተኛው ቀን ይለመዳል። የማይለመደው ሜንጎ ውስጥ ያለው አደባባይ ነው።

የባጋንዳ ሕዝብ ጥንታዊ መንግሥት የሆነችው የቡጋንዳ ንጉሥ ካባካ ይባላሉ። ቤተ መንግሥታቸው ሉቢሪ በአንድ ኮረብታ ላይ፣ የመንግሥቱ ምክር ቤት ቡላንጌ ደግሞ ፊት ለፊቱ በሌላ ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ እንደ ክር የተወጠረ ቀጥ ያለ ጎዳና ነው፤ ርዝመቱ አንድ ማይል ገደማ ይሆናል። መሐል ላይ አደባባይ አለ፤ አደባባዩን ሰንጥቆ የሚያልፍ በር የተዘጋበት መተላለፊያም አለ። አውቶቡሱ፣ ሚኒስትሩ፣ አምቡላንሱ፣ ሁሉም ይዞራል። ካባካ ግን አይዞሩም፤ ንጉሥ መንገዱን አያጣምምምና ሲመጡ በሩ ይከፈትላቸውና ቀጥ ብለው ያልፋሉ። የትራፊክ ደንብ ለአንድ ሰው ሲባል በድንጋይና በብረት እንዲህ ሲሠራ ማየት፣ ቤተ መንግሥቱን ሙዚየም ካደረገ አገር ለመጣ ሰው እንግዳ ነገር ነው።

የቡጋንዳና የኢትዮጵያ ዘውዶች ታሪክ አንድ ቦታ ላይ በአጋጣሚ ይነካካል። ካባካ ሙቴሳ 2ኛ ነጻ የወጣችው የዩጋንዳ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 የመንግሥቱ መሪ ሚልተን ኦቦቴ በኢዲ አሚን የሚመራ ጦር ወደ ሉቢሪ ልከው ቤተ መንግሥቱን አስደበደቡ፤ ካባካም ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በዓመቱ በ1967 የዩጋንዳ ጥንታዊ መንግሥታት በሕግ ፈረሱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከዙፋናቸው የወረዱት በ1967 ነው፤ የካምፓላው 1967 በፈረንጅ፣ የአዲስ አበባው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ እንጂ። ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ቡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 ዘውዷን መልሳ አገኘች፤ የሙቴሳ ልጅ ሮናልድ ሙዌንዳ ሙቴቢ 2ኛም በዚያው ዓመት ጁላይ 31 ቀን ዘውድ ጫኑ። የፖለቲካ ሥልጣን የላቸውም። በልደታቸው የሚዘጋጀው የጎዳና ሩጫ ግን ካምፓላን በአንድ ዓይነት ካናቴራ ያጥለቀልቃታል።

ቡጋንዳ ከሃምሳ በላይ ጎሳዎች አሏት፤ እያንዳንዱ ጎሳ የሚጠራበትና የማይበላው እንስሳ ወይም ተክል አለው። አንበሳ፣ ጦጣ፣ እንጉዳይ፣ ፌንጣ፣ የዓሣ ዓይነት አለበት። አማራ ለጋብቻ ሰባት ቤት ድረስ ሲቆጥር ይውላል፤ ሙጋንዳ (አንድ የባጋንዳ ሰው) ግን ስም መስማት ይበቃዋል፤ ስሞች የጎሳ ንብረት ስለሆኑ ስሙን የተናገረ ሰው ጎሳውን ተናገረ ማለት ነው። ወንድምና እህት በቤተሰብ ስም ላይመሳሰሉ ይችላሉ። የአውሮፓ ኤምባሲ ቅጽ ፊት ሐበሻና ሙጋንዳ እኩል የሚቸገሩትም በዚህ ነው።

መንታ የወለደ ሰው ደግሞ ማዕረግ ያገኛል። አባት ሳሎንጎ፣ እናት ናሎንጎ ይባላሉ፤ ባንክ ቤትም ሆነ ገበያ ውስጥ ይህ ስም ከዶክተር የማያንስ ክብር አለው። የልጆቹ ስም አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ወንዶች ከሆኑ ታላቁ ዋስዋ ታናሹ ካቶ፣ ሴቶች ከሆኑ ታላቋ ባቢሬ ታናሿ ናካቶ። ከመንታዎቹ ቀጥሎ የሚወለደው ኪዛ ነው። ካቶ የሚባል ሰው የተዋወቀ እንግዳ «ታላቅህ የት ነው?» ቢለው አይሳሳትም።

ሐበሻው ከሁሉ ይበልጥ የሚዝናናው ክዋንጁላ የተባለው የሙሽሮች ትውውቅ ድግስ ላይ ነው። አገር ቤት ሽማግሌ ሲላክ «ቁጭ በሉ» ሲባል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። በካምፓላ ሽማግሌዎቹ ማይክሮፎን ይዘዋል። ሁለቱም ወገኖች አፈ ጉባኤ ይቀጥራሉ፤ ይህ ሰው የሚተዳደርበት ሙያ ነው። የወንዱ ወገን ነጭ ረጅም ካንዙ በኮት ለብሶ በሰልፍ ይመጣል። የሴቷ ወገን አፈ ጉባኤ እነማን እንደሆኑ ጨርሶ የማያውቅ መስሎ ምን ጠፍቷቸው እንደመጡ ይጠይቃል፤ ዘግይተው ከሆነ መቀጮ ያስከፍላል፤ ሕዝቡ በሳቅ ይፈነዳል። ሙሽራው በጓደኞቹ መሐል ተደብቆ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሴንጋ የምትባለው የሙሽራዪቱ አክስት ገብታ ለይታ ታወጣዋለች። ስጦታው በቅርጫት በቅርጫት ይገባል። ለሙሽራዪቱ ወንድም የሚሰጠው አውራ ዶሮ ግን ከተረሳ ነገር ይበላሻል። «አናስገባም ሰርገኛ» ሲባል ያደገ ሰው ቋንቋውን ሳያውቅ ጨዋታው ይገባዋል።

በዚህ ድግስ ላይ ሴቶቹ የሚለብሱት ጎሜሲ ትከሻው እንደ ቀንድ የቆመ፣ ወገቡ በሰፊ መቀነት የታሰረ ደማቅ ቀሚስ ነው። የባጋንዳ መለያ ቢሆንም መነሻው ጎዋ ከተባለው የህንድ ግዛት የመጣ፣ ጎሜስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። ለባሾቹ ለትልቅ ሰው ሰላምታ ሲያቀርቡ ሁለት ጉልበታቸውን መሬት ያስነካሉ። በኢትዮጵያ ታናሽ የታላቁን ጉልበት ይስማል፤ እዚህ የምትንበረከከው ሰላምታ አቅራቢዋ ናት። ከተሜ ወጣት ሴቶች ልማዱን በግማሽ ወገብ ማጠፍ እያሳጠሩት ነው፤ አማት ፊት ግን ማሳጠር የለም።

ቡናው ግን ግርምት ሳይሆን ቅሬታ ነው የሚያመጣው። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2023/24 የምርት ዘመን ስድሳ ስድሳ ኪሎ የሚይዝ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጆንያ ቡና ወደ ውጭ ላከች። ቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ሮቡስታ ቡና በቀደመ ዘመን ጫካ ውስጥ በራሱ የበቀለ የአገሩ ተክል ነው። በኤልጎን ተራራ ደግሞ ዘሩ ከኢትዮጵያ የሆነው አረቢካ ይበቅላል። ይህ ሁሉ ቡና ባለበት አገር እንግዳ የሚቀርብለት በዝንጅብል የፈላ የወተት ሻይ ነው። ጀበና የለ፣ ዕጣን የለ፣ አቦል የለ፣ በረካ የለ። ሐበሻው በጨዋነት ይጠጣና ካባላጋላ ወይም ካንሳንጋ ወዳሉት የአገሩ ልጆች ምግብ ቤቶች ይሄዳል፤ እዚያ እንጀራም ቡናም አለ።

ይሁንና ባጋንዳ ለቡና ክብር የላቸውም ማለት አይደለም። ክብሩ ያለው በማኘክ ነው። እሸቱን ቀቅለው፣ በቅመም ሣር አሽተው፣ አድርቀው በትንሽ ሰፌድ ለእንግዳ ያቀርባሉ። በጥንት ጊዜ ሁለት ሰዎች የደም ወንድማማችነት ሲገቡ ከአንድ የቡና ፍሬ የወጡትን ሁለት ፍሬዎች በየራሳቸው ደም ነክረው ተለዋውጠው ይበሉ ነበር። ቡናው የሚበላበትን ቡና ቀላ የሚያውቅ የጉጂ ወይም የቦረና ሰው እዚህ ላይ ከአዲስ አበቤው ይልቅ ቤተኛ ነው።

ከተማዋን የሚያንቀሳቅሰው ቦዳ ቦዳ የተባለው የኪራይ ሞተር ሳይክል ነው። የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዩጋንዳና በኬንያ ድንበር ቡሲያ ላይ ሰውን ከኬላ ኬላ በሚያሻግሩ ብስክሌቶች ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክሎች ላይ ገደብ ስለጣለች እንግዳው ብዛታቸውን ሲያይ ይደነግጣል። ባጃጅ ሲሉት ሦስት ጎማ ሲጠብቅ ሁለት ጎማ ይመጣለታል፤ ብዙዎቹ ቦዳዎች ባጃጅ የተባለው የህንድ ኩባንያ የሠራቸው ናቸውና። ሴቶች ሁለት እግራቸውን በአንድ ጎን አድርገው፣ ምንም ሳይዙ፣ ስልክ እያወሩ ይሄዳሉ። ፍራሽ፣ ፍየል፣ የመስኮት መስታወት፣ አንዳንዴም የሬሳ ሣጥን ይጫናል። ሾፌሮቹ በየማዕዘኑ ሊቀ መንበር ያለው የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ አዲስ ገቢ ሳይከፍል ቆሞ ደንበኛ አይጠብቅም።

ከቦዳ ሲወርድ የሚራብ ሰው ሮሌክስ ያገኛል። የእጅ ሰዓት አይደለም፤ ቻፓቲ ላይ ኦሜሌት፣ ጎመንና ቲማቲም ተጠቅልሎ በጋዜጣ የሚሰጥ የመንገድ ዳር ምግብ ነው። ዝናው የወጣው ማኬሬሬ አጠገብ ባለው ዋንዴጌያ ከተማሪዎች ኪስ ጋር ስለተስማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሮሌክስ ተሠርቶ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል።

ንሴኔኔ የተባለውን ፌንጣ ግን ማንም ሐበሻ በቀላሉ አያልፈውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ወር፣ እንደገናም በሚያዝያና በግንቦት፣ ከዝናቡ ጋር አረንጓዴ ፌንጣ በመንጋ ይመጣል። አጥማጆች በየጣሪያውና በየኮረብታው ኃይለኛ መብራት ያበራሉ፤ ፌንጣው በብርሃኑ ተስቦ ከቆመ ቆርቆሮ ጋር ይጋጭና ወደ በርሜል ይንሸራተታል። ክንፉና እግሩ ተነቅሎ፣ በሽንኩርትና በጨው ተጠብሶ፣ በመኪና መስኮት በኩል በኩባያ ይሸጣል። የፌንጣ ጎሳ አባላት ብቻ አይቀምሱትም። ካባላጋላ የሚኖር ኦርቶዶክስ ሐበሻ ጎረቤቱ አንድ ሰሐን ይዞ ሲመጣ በኅዳር መጨረሻ ማምለጫ አለው፤ የነቢያት ጾም ገብቷልና። የሚያዝያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋሲካ በኋላ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በሃምሳው ቀናት ውስጥ ይውላል።