የፎክስተን ቃጫ ሠሪዎች

በኒው ዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት፣ የማናዋቱ ወንዝ ወደ ባሕር ሊገባ ሲቃረብ በሚተኛበት ረግረግ አጠገብ የምትገኘው ትንሿ ከተማ ፎክስተን፣ ለብዙ ዘመን ኑሮዋን ያቆመችው በአንድ ቅጠል ላይ ነበር። ይህ ተክል፣ አውሮፓውያን ቃጫው የተልባን ቃጫ ስለ መሰላቸው በተልባ ስም ቢጠሩትም፣ ከተልባ ወገን አይደለም፤ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ሐራኬኬ የሚሉት ነው።

የማኦሪ ሴቶች ቅጠሉን በባሕር ዛጎል እየፋቁ ሙካ የተባለውን ቃጫ ያወጡ፣ ከእርሱም ልብስ ይሠሩ ነበር፤ በ1820ዎቹና በ1830ዎቹም ነጋዴዎች ቃጫውን በነፍጥ ይለውጡ ስለ ነበር፣ የሴቶቹ የእጅ ፍሬ የጦር መሣሪያ መግዣ እስከ መሆን ደረሰ። በ1860ዎቹ የተፈለሰፈው መኪና ግን ሥራውን ከእጅ ወደ ብረት አዛወረው፤ ቅጠሉ በሁለት ተሽከርካሪ ብረቶች መካከል ሲገባ፣ በኃይል የሚሾር ባለ ዘንግ ከበሮ አረንጓዴውን ሥጋ እየደበደበ ይገፈው ነበር። ፍጥነቱ የሚደነቅ ነበር፤ ነገር ግን የመኪናው ቃጫ ከዛጎሉ ቃጫ እጅግ የሻከረ ስለ ሆነ፣ ለገመድና ለነዶ ማሰሪያ ሲባጎ እንጂ ለመልካም ልብስ አልበቃም፤ በእኔ አስተያየት የኋላው የገበያ መከራ ሥሩ ይኸው ነው፤ ገመድ ሻጭ ዋጋውን ራሱ አይወስንምና።

መኪናውም ቢሆን ያለ ሰው እጅ ከንቱ ነበር። አንዱ ረግረግ ውስጥ ቆሞ ቅጠሉን ያጭዳል፤ ሁለተኛው ጆሮ በሚያደነቁር ጩኸት መካከል መኪናውን ያጎርሳል፤ ሦስተኛው የሚወርደውን እርጥብ ቃጫ ይቀበላል፤ ሌሎቹ አጥበው በሜዳ ላይ ያሰጡታል፣ ፀሐይና ዝናብም ያነጡታል። ከሁሉ ይልቅ ግን ብልሃት የሚጠይቀው የመጨረሻው ሥራ ነበር፤ ሠራተኛው ደረቁን ቃጫ በሚሾር መምቻ እያስመታ ሲያጠራ፣ አቧራው ከበላዩ አይለይም ነበር።

ከፎክስተን ብዙ ሳይርቅ፣ በሻነን አቅራቢያ በ1907 የተከፈተው ሚራኑይ፣ በ7 መግፈፊያ መኪኖቹና በ300 ያህል ሠራተኞቹ ከአገሩ የቃጫ ፋብሪካዎች ሁሉ ታላቁ ነበር። ይሁን እንጂ ቅጠል ቢጫ የሚያደርግ በሽታ ረግረጉን ወረረው፤ የማኒላና የሲሳል ቃጫ ገበያውን ተሻማ፤ የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀትም ሲጨመር በ1933 ተዘጋ። ፎክስተን ግን በ1930ዎቹ ቃጫውን ራሷ ወደ መሸመን ዞረች፤ የአገሩ በጎች ሱፍ የሚታሸግበትን ጆንያ የምትሠራ ፋብሪካ አቆመች፣ ይህም እስከ 1970ዎቹ ድረስ ለከተማዋ እንጀራ ሆነ።