ከዲኮሩ ሽንኩርቱ

ዋና ሚዜ መሆን ቀላል የሚመስለው ሆኖ ለማያውቅ ሰው ነው። የጓደኛዬ ሠርግ በጥር መጨረሻ ነበር። "ሻወሩን አንቺ ነሽ የምታዘጋጂው" ከተባልኩበት ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። አንዷ የሮዝ ፊኛ ፎቶ ትልካለች፤ ሌላዋ ሁላችንም አንድ ዓይነት የምንለብሰውን ፒጃማ፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ሦስት ፎቅ ኬክ። ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሆቴል ክፍልና ዲኮር የተጠየቅነውን ዋጋ ስሰማ "ይሄ እኮ የሁለት ወር የቤት ኪራዬ ነው" አልኩ። ሙሽሪት ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና ማናችንም ያልጠበቅነውን ተናገረች።

"ለምን ዶሮ ወጥ አታስተምሩኝም?"

ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወደፊት አማቷ፣ በፍቅር ይሁን በፈተና አልገባንም፣ "የመጀመሪያውን የፋሲካ ዶሮ አንቺ ነሽ የምትሠሪልን" ብለዋታል። ጓደኛችን የምትሠራው ባንክ ነው። ከሥራ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ ቤቷ ስትደርስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ፓስታና እንቁላል አያቅታትም። ዶሮ ግን መብላት እንጂ ብልት ማውጣት አታውቅም። እናቷ "አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ" እያሉ ከወጥ ቤት ሲያባርሯት ነው ያደገችው። እኛስ ብንሆን? ከስምንት ሚዜዎች ዶሮ በወጉ የምትገነጣጥለው አንዷ ብቻ ናት።

እኔ ራሴ ከአራት ዓመት በፊት በባለቤቴ ቤተሰቦች ፊት ዶሮዋን አሥር ብልት አውጥቼ "ሁለቱ የት ገቡ?" ተብሎ ተስቆብኛል። ሳቁ የቀልድ ነበር። ቢሆንም እስከ ዛሬ ዶሮ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሕግ ያጠናችው ሚዜ ግን ተቃወመች። "ሻወር ላይ ሙሽራን ወጥ ማሠራት ማለት ለባሏ ማሠልጠን ማለት ነው። እኔ የለሁበትም" አለች። እውነት ለመናገር፣ ግማሽ ልቤ ከእሷ ጋር ነበር። "ሙያ የላትም" የሚለው ቃል ስንቷን ሴት አንገት እንዳስደፋ የማያውቅ ማን አለ? ሙሽሪት "እኔ ነኝ የጠየቅኩት" ብላ ስትዘጋው ነው የተስማማነው።

ለሠፈሩ ሠርግና ተዝካር ወጥ የሚሠሩ አንድ እናት አሉ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። የቀን ሒሳባቸውን ተነጋግረን ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ቀጠርናቸው። ቦታው የሙሽሪት እናት የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ኮሚናል ሆነ። ሦስት ዶሮ፣ ስድስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ከየቤታችን ያመጣነው ዘጠኝ ቢላ። ፊኛ አልነበረም። ፒጃማውም ቀርቶ ሁላችንም ሽርጥ ታጠቅን።

ሽንኩርቱ ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ወሰደብን። እትዬ በመካከላችን እየዞሩ "ይሄ ለሰላጣ ነው፤ አድቅቂው የኔ ልጅ" እያሉ መለሱልን። ከዚያ ድስቱ ተጣደ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውኃ ይቁላላል፤ ውኃው ሲመጥ ነው ዘይቱ የሚገባው። ቀጥሎ በርበሬው ይጨመርና ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እየታሸ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። "ቁሌት የቸኮለ ሰው ወጥ አይሠራም፤ ቃጠሎ ነው የሚሠራው" ይላሉ እትዬ።

ዶሮው ቆዳው ተገፎ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ታጠበ። ብልት ሲያወጡ እጃቸውን አየን። ለካ ምሥጢሩ ጉልበት አይደለም! "መገጣጠሚያውን በጣታችሁ ፈልጉት፣ ቢላው ራሱ ይገባል። አጥንት የሚሰብር ብልት አያውቅም።" እኔ በአራት ዓመት ያልተማርኩትን በአሥር ደቂቃ ተማርኩ።

የቀኑ ዋና ነገር የመጣው ግን ቁሌቱ ላይ ነው። ሙሽሪት ማማሰያውን ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ለድስቱ የምታወራ ይመስል ተናገረች።

"እኔን የሚያስፈራኝ የፋሲካው ዶሮ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ያለው ማክሰኞ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ ራት የሚሠራው ማነው? ሦስት ዓመት አብረን ስንሆን ይህን አንድ ቀን አልተነጋገርንም። ስለ ሠርጉ መኪና ግን አንድ ወር ተጨቃጭቀናል።"

ቢላዎቹ ሁሉ ቆሙ። ሆቴል ብንሆን ኖሮ ይህን ትናገር ነበር? አይመስለኝም። ፎቶ እየተነሱ እንዲህ ዓይነት ነገር አይነገርም።

ሕግ ያጠናችው ዝም አላለችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ እንደነበር ነገረችን። እንዲያውም ባል አገልጋይ የመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ በግልጽ ያዝ ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት ረገድ እኩል መብት አላቸው ይላል። "ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወጥ ቤት ግን ገና አልደረሰም" ስትል እትዬ ሳይቀሩ ሳቁ።

እኔም ባለትዳሯ የመምከር ተራዬ ደረሰ። ምን ልበላት? እውነቱን ነገርኳት። "አሁኑኑ ጠይቂው። እኔ ሳልጠይቅ ገብቼ፣ ጥያቄውን ዓመት ሙሉ በኩርፊያ ነው የጠየቅኩት።"

እትዬ ቅቤውን እየጨመሩ እንዲህ አሉ፦ "ድሮ ለሠርግ ሽንኩርት ከተፋ ጎረቤት የሚጠራው ሽንኩርቱ ስለበዛ ብቻ አይደለም። ሙሽራ ከተጋቡት ሴቶች መሀል ተቀምጣ እንድትሰማ ነው። ሙያ ያስከብራል፤ እኔን ልጆቼን ያሳደገልኝ ይኸው ማማሰያ ነው። ግን እችላለሁ ማለትና ብቻዬን እሠራለሁ ማለት ለየቅል ነው።"

ዶሮው፣ መከለሻው፣ የተቀቀለው እንቁላል በየተራው ገባ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። ሙሽሪትን በየተራ አጎረስናት። ፎቶ የተነሳነው ያኔ ነው፤ ዓይናችን አብጦ፣ ጣታችን በርበሬ ሆኖ።

የእናንተም ጓደኛ ልታገባ ከሆነና ይህን ልትሞክሩ ካሰባችሁ፣ ከስህተታችን ተማሩ። ከአሥር ሰው በላይ አትጥሩ፤ ድስቱን የሚከብ እንጂ የሚያይ ሰው አያስፈልግም። አንድ ወጥ ብቻ ምረጡ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሩ፤ እኛ አራት ሰዓት ጀምረን በረሃብ አልቀናል። የጾም ቀን ከሆነ ምስርና ሽሮም እንደዚያው ያነጋግራል። የምታስተምረውን ሴት ሒሳብ በምስጋና ብቻ አትለፉት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥያቄው ከሙሽራዋ ይምጣ። እኛ "ነይ ሙያ እናስተምርሽ" ብለናት ቢሆን ኖሮ ያ ቀን ፈተና ይሆን ነበር።

ያን ዕለት ማታ ለእጮኛዋ ደወለች። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኳትም፤ "ረጅም ነበር" ብቻ ነው ያለችኝ። በሳምንቱ ተጋቡ።

ፋሲካ ደረሰ። ቅዳሜ ሹር አማቷ ቤት ወጡን ሠራች። ሽንኩርቱን የከተፈው ባሏ ነው፤ ለሰላጣ እንደሚሆን አድርጎ። እናቱ "ልጄን ሽንኩርት አስከተፈችው" ብለው ለጎረቤት ሁሉ ተናግረዋል። በቅሬታ ይሁን በኩራት እስካሁን አልገባንም። ዶሮዋ 11 ብልት ወጣላት፤ 12ኛው የት ገባ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ማክሰኞስ? ባለፈው ደውዬ ጠየቅኳት። ማክሰኞ የእሱ ተራ ነው አለችኝ። እስካሁን ሁልጊዜ ፓስታ ነው።