የመርማሪው ስልክ የማን ነው?

«በቴሌግራም ይላኩልኝ» የሚለው አነጋገር በምርመራ ክፍል ውስጥ «ቃልዎን ይስጡ» ከሚለው ባልተናነሰ ይሰማል። ልጇ የተደበደበባት እናት የቁስሉን ፎቶ በስልኳ ይዛ ትመጣለች። ሱቁ የተሰበረበት ነጋዴ ከጎረቤት ካሜራ የተቀዳ ቪዲዮ አለው። ዛቻ የደረሳት ወጣት ስክሪንሾት ታሳያለች። መርማሪው ኮምፒውተር የለውም፤ ወይም አለው ግን ለብዙ ሰው አንድ ነው፤ ወይም ኢንተርኔቱ ዛሬ አልገባም። ስለዚህ የራሱን ስልክ ከኪሱ ያወጣል። እናትየዋ «ልጄ፣ እኔ አላውቅበትም፤ አንተው ውሰደው» ብላ ስልኳን ትሰጠዋለች፤ እሱም ተቀብሎ ለራሱ ይልካል። በዚያች ደቂቃ ማስረጃው ከጣቢያው ወጥቶ አንድ ሰው ኪስ ገባ። መዝገቡ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም።

ስለ ፖሊስና ስለ ስልክ ደንብ ይውጣ ሲባል ወሬው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው፦ በር ላይ ቆሞ ቲክቶክ ስለሚያየው ጥበቃ፣ ባለጉዳይ አስቀምጦ በስልክ ስለሚያወራው ተረኛ፣ አሽከርካሪን በስልክ ምክንያት እየቀጣ የራሱን ስልክ ጆሮው ላይ ስለለጠፈው ትራፊክ። ያሳፍራል፤ አስቸጋሪ ግን አይደለም። ሁሉም ሰው ያየዋል፤ አለቃም ካልተኛ በቀር ያርመዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ስልኩን ለሥራ ብሎ የሚያወጣው ትጉህ ፖሊስ ነው። ሰነፉን ለመያዝ የተጻፈ ደንብ እሱን አያገኘውም፤ ጣጣው ያለው ግን እሱ ዘንድ ነው።

ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ ምስሉ መቼና በምን ስልክ እንደተነሳ የሚናገረውን የውስጥ መረጃም ያስቀረዋል። «እንደ ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን ዋናው ሳይነካ ይደርሳል። ይህን የሚያውቅ መርማሪ አለ፤ የማያውቀው ይበዛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም መገመት ይችላል። መርማሪው ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ይዛወራል፤ ወይም ስልኩ ታክሲ ውስጥ ይሰረቃል፤ ወይም ማታ ልጁ ጌም ሲጫወትበት ቦታ ሞላ ብሎ ፎቶ ያጠፋል። መዝገቡን የተረከበው ባልደረባ የሚያገኘው በጥቁርና ነጭ የታተመ፣ ፊት ይሁን ግድግዳ የማይለይ ወረቀት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሚያያቸው ጉዳዮች የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ተቀባይነት እንዲያገኝ በር ከፍቷል፤ ትክክለኛነቱን የማስረዳቱን ሸክም ግን አቅራቢው ላይ ጥሏል። ተከላካይ ጠበቃ «ይህ ቪዲዮ ከማን ስልክ መጣ? በመካከሉስ ማን ነካው?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ማምለጫ አይደለም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዐቃቤ ሕግ ዘወር ብሎ መርማሪውን ያያል። መርማሪው ደግሞ ስልክ ከቀየረ ቆይቷል።

ሌላው ጉዳይ ቁጥሩ ነው። መርማሪው ምስክር ለመጥራት ከራሱ ገንዘብ ካርድ ሞልቶ ይደውላል፤ ለዚህ ማንም አያመሰግነውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ የግል ቁጥሩ የከሳሽም የተከሳሽም ዘመድ እጅ ይገባል። የሌሊት ጥሪው ይቅር፤ ይለመዳል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ስልክ ቁጥር የኪስ ቦርሳም ሆኗል። ጉዳዩ በእጁ ላለ ፖሊስ የማይታወቅ ሰው ገንዘብ ሊልክለት ሲፈልግ ፈቃዱን አይጠይቅም፤ ቁጥሩን ማወቅ ይበቃዋል። ገንዘቡ ገባ የሚል አጭር መልእክት ይደርሳል። ላኪው ጉቦ አስቦ ይሁን ወይም ነገ «ተቀብሎኛል» ብሎ ለመክሰስ፣ መልእክቱ ላይ አልተጻፈም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ አዲስ ወደ ጣቢያችን ለሚመጡ ልጆች የምነግራቸው አጭር ነገር ነው፦ እንዲህ ያለ ገንዘብ ከገባ ሳትነካው በዚያው ሰዓት ለኃላፊህ አሳውቅ፤ በዕለት ሁኔታ መዝገብም አስመዝግብ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቁጥሩ መጀመሪያውኑ የመሥሪያ ቤቱ ቢሆን ነበር።

በስልካቸው ምክንያት በውጭ አገር የተቀጡ ፖሊሶች ታሪክ ሲወራ «እነዚያ ባለጌዎች ናቸው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነውር የለም» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2020 ለንደን ውስጥ ሁለት እህትማማቾች መናፈሻ ውስጥ ተገድለው ተገኙ። ሥፍራውን እንዲጠብቁ የተመደቡ ሁለት ፖሊሶች አስከሬኑን በስልካቸው አንስተው በዋትሳፕ ለባልደረቦቻቸውና ለወዳጆቻቸው ላኩ። በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዳቸው ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር እስራት ተፈረደባቸው። ሁለቱም መርማሪ አልነበሩም፤ ፎቶ ማንሳት ሥራቸው አልነበረም። ሥራቸው ቆሞ መጠበቅ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቦታ የቆመ ሰው ምን ያህል እንደሚሰለች የፖሊስ ልብስ ለብሶ ያደረ ያውቀዋል። ስልክ ከባድ አደጋ የሚሆነው ሩጫ ሲበዛ ይመስለናል፤ እኔ ግን ሥራ ፈትቶ የሚቆመውን ጥበቃ የበለጠ እፈራለሁ። በዚያው በ2020 ጥር ወር ሎስ አንጀለስ አቅራቢያ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኮቢ ብራያንት ከልጁና ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። በቦታው የደረሱ የሸሪፍ ባልደረቦች የሟቾቹን ፎቶ ተቀባበሉ፤ አንዱ መጠጥ ቤት ውስጥ ለአስተናጋጅ አሳየ። በ2022 ዳኞች ለሁለት ቤተሰቦች 31 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ። የካሊፎርኒያ ግዛትም ከአደጋው በኋላ ባወጣው ሕግ ያለ ሥራ ምክንያት የሟችን ፎቶ ማንሳትን ለእንዲህ ያሉ ሠራተኞች ወንጀል አደረገው። ነውር ስለሌለን ሳይሆን እስካሁን ሟች ቤተሰቡ የሚከስለት ስላልሆነ ሊሆን ይችላል እኛ ዘንድ የማይሰማው።

የተጠርጣሪው ስልክ ደግሞ ለብቻው ያለ ችግር ነው። «ክፈተው» ይባላል፤ ይከፍተዋል። ተረኛው እዚያው ቆሞ መልእክቶቹን፣ ፎቶዎቹን፣ የባንክ መልእክቱን በጣቱ ይገለብጣል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው የሚፈተሸው ለማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ ይዟል ተብሎ ሲጠረጠር እንደሆነ ይናገራል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ያሰቡት ጩቤ፣ ደብዳቤ፣ የተሰረቀ ሰዓት ነው። ስልክ ግን በኪስ የሚዞር ቤት ነው፤ የቤት ብርበራ ደግሞ በመደበኛው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳን ዲዬጎ ውስጥ በትራፊክ ጥፋት ምክንያት ከቆመ መኪና በተነሳ ጉዳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ያለ አንድ ተቃውሞ ድምፅ የወሰነው ይህንኑ ነው፦ ስልኩን መያዝ ይቻላል፤ ውስጡን ለማየት ግን ትእዛዝ ይውጣ። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ከማይደፈሩት ውስጥ አስገብቶታል።

የሕጉን ነገር ትተን ለሥራው ብቻ ብናስብ እንኳ በጣት መገልበጥ ጉዳት ነው። ያልተነበበው መልእክት ተነበበ ይሆናል፤ ላኪው በዚያ በኩል ያያል፤ አብሮ የሚፈለገው ሰው ይጠፋል። ከኔትወርክ ያልተነጠለ ስልክ ከሩቅ ሊጸዳ ይችላል። ፈርቶ አጥፍቶ ማስቀመጥም መፍትሔ አይሆንም፤ የዘመኑ ስልኮች ጠፍተው ሲበሩ የይለፍ ቃሉ እስኪገባ ድረስ አብዛኛውን ነገር ቆልፈው ስለሚይዙ ባለሙያውም ይቸገራል። ስለዚህ ፍላይት ሞድ፣ ፖስታ፣ ፊርማ፣ ኤግዚቢት ክፍል፤ ከዚያ ትእዛዝ ይጠየቅ። ተጠርጣሪው ገና ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ፊቱን በስልክ አንስቶ መለጠፍ ደግሞ ክርክርም አያስፈልገውም፤ አንቀጽ 20 እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ብሎታል።

ታዲያ ደንቡ ምን ይበል? «በሥራ ሰዓት የግል ስልክ መጠቀም ፈጽሞ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ደንብ አልደግፍም። ሬዲዮው ባትሪ ሲጨርስ፣ ምስክር መጠራት ሲኖርበት፣ ፎቶ መቀበል ሲያስፈልግ ሌላ መሣሪያ ከሌለ ክልከላው በየቀኑ በሁሉም ሰው ይጣሳል። ሁሉም የሚጥሰው ደንብ ደግሞ የሚነሳው አለቃ በአንድ ሰው ላይ ሲቆጣ ብቻ ነው። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «ስልክ ባይኖረን ስንቱን ሌባ አንይዘውም ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መተኪያው ይምጣ፤ ክልከላው ይከተለዋል። ለየፈረቃው ሲሙ በመሥሪያ ቤቱ ስም የወጣ አንድ ስልክ ይኑር። ለባለጉዳይ የሚደወለው ከእሱ፣ ማስረጃ የሚገባውም በእሱ ይሁን። የገባው በዚያው ቀን ተገልብጦ ይመዝገብ፤ ፈረቃ ሲቀየርም እንደ መሣሪያ በፊርማ ይተላለፍ። ይህ ከተሟላ በኋላ የግል ስልክ በተጠርጣሪዎች ማረፊያ ክፍል በርና በወንጀል ሥፍራ ላይ ከኪስ አይውጣ ማለት ፍትሐዊ ይሆናል። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ማንም ያለውን ስልክ ይጠቀም፤ በዕለቱ ግን ያሳውቅ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ደንቡ የእኛን እጅ ይገድብ እንጂ ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚቀርጸንን ዜጋ ስልክ መንጠቂያ ሰበብ አይሁን።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የባለጉዳይን ምስል በግል ስልክ ይዞ መዞር የሥነ ምግባር ወሬ ብቻ አይደለም። ያም ሆኖ ፖሊስ ጣቢያ ሲቀይር ክሊራንሱ ላይ ሽጉጥ፣ ካቴና፣ ሬዲዮና በእጁ ያሉት መዝገቦች ይጠየቃሉ፤ በስልኩ ያለውን የሚጠይቅ መስመር እኔ ባየኋቸው ቅጾች የለም። «በጀቱስ?» ይሉኛል ባልደረቦቼ። የስልክ መጠየቂያው ተጽፎ ወደ ፋይናንስ ሄዷል። እስኪመለስ ድረስ ተረኛ ክፍል አንድ ኬብል አስረናል፤ ባለጉዳዩ እዚያው ቆሞ እያየ ፎቶውን ከስልኩ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ኮምፒውተር እንገለብጣለን፤ ሰዓቱንም እንጽፋለን። አይፎን ይዞ የመጣ ሰው ግን አሁንም ያስቸግረናል፤ ኬብሉ አይገባም።