6ኛው ቀለም ላይ

በእኔና በእናንተ መሃል ይቅር እንጂ፣ የግጥም ዓምድ የምናዘጋጅ ሰዎች ስለ ተፈጥሮ የተጻፈ አጭር ግጥም ሲደርሰን ቀድመን የምናየው አበባውን ወይም ዝናቡን አይደለም። ቀለም፣ ማለትም ሲነበብ የሚሰማውን የድምፅ ክፍል፣ እንቆጥራለን፤ ያውም በጆሮ። በፊደል የቆጠረ ይሳሳታል፤ «ቃጭል» ሲጻፍ 3 ፊደል ነው፣ ሲነበብ ግን 2 ቀለም።

ለማሳያ ይህችን ቋጥሬያለሁ፦

ጉሙ ወርዶ ወርዶ፣ ገደል አይለይም፤
ቃጭል ይሰማኛል፣ ላሟ አትታይም።

ወል ቤት ናት። 6 ቀለም፣ ትንሽ ማረፊያ፣ ደግሞ 6። ትዝታና እንጉርጉሮ የሚወዱት ልክ ነው። ያንኑ ጉም በቡሄ በሉ ቤት፣ 4 በ4 ብትቆርጡት ልጆች ይጨፍሩበታል። በጸጋዬ ቤት፣ 8 በ8 ብትዘረጉት መድረክ ይፈልጋል።

አሁን ስሜቱን ፈልጉ። «ፈራሁ» የሚል ቃል የለም፤ ቢኖር ኖሮ እሰርዘው ነበር። ፍርሃቱ ያለው ማረፊያው ላይ ነው። የፊተኛው ሐረግ የሰጠውን የኋለኛው ይነጥቃል፦ ጉሙ መጣ፣ ገደሉ ጠፋ፤ ድምፁ መጣ፣ ላሟ ጠፋች። አንባቢው 6ኛው ቀለም ላይ ትንፋሽ ሲወስድ ቀጥሎ ምን እንደሚረግጥ አያውቅም። «ወርዶ ወርዶ» መደገሙም ጉሙን አላበዛውም፤ ጊዜውን ነው ያረዘመው።

ቤት አመታቱን በተመለከተ፣ አማርኛ ግሥን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ በግሥ ቤት መምታት ርካሽ ነው። «ዘነበች»ን ከ«አበበች» ያጋጠመውን አብዛኛውን እዚያው ላይ እንጥለዋለን። እዚህ ያሳለፍኩት ሁለቱም አሉታ ስለሆኑ ነው፤ አንድ በር ሁለት ጊዜ እንደተዘጋ ይሰማል።

ምስጢሯን ደግሞ ላውጣ። «ይሰማኛል» ውስጥ ያለችው «ኛ» ለስሜት ተብላ አልገባችም። «ቃጭል ይሰማል» 5 ቀለም ብቻ ስለሚሆን ለመሙያ ነው የገባችው። ከገባች በኋላ ግን ሰው ባልነበረበት ሜዳ ላይ አንድ እረኛ አቆመች፤ ግጥሙ የጉም መሆኑ ቀርቶ የእርሱ ሆነ። ስንት የምናደንቀው ስሜት እንዲህ በቀለም ጉድለት መጥቷል! ገጣሚዎቹ አይነግሯችሁም።

ርዕስ ካማራችሁ «ጉም» አትበሏት፤ ጉሙን የመጀመሪያው ቃል ነግሮናል። «ቃጭል» ይበቃታል።