የአብያተ ክርስቲያናት የጋራ እርዳታ (ቢያፍራ)

የአብያተ ክርስቲያናት የጋራ እርዳታ በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት (1967–1970 እ.ኤ.አ.) ጊዜ በረሃብ ለተጎዳው የቢያፍራ ሕዝብ ምግብና መድኃኒት በአውሮፕላን ያደረሰ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ድርጅቶች ኅብረት ነበር። በመንግሥታት ሳይሆን በበጎ አድራጊዎች ከተካሄዱት የአየር እርዳታ ሥራዎች ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ከ5,000 በላይ በረራዎች አድርጎ ወደ 60,000 ቶን የሚጠጋ እርዳታ እንዳጓጓዘ ይገመታል። የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል፤ ጦርነቱን አራዝሟል የሚል ክስም ቀርቦበታል።

መነሻ

በ1966 እ.ኤ.አ. በሰሜን ናይጄሪያ ይኖሩ በነበሩ የኢግቦ ተወላጆች ላይ ጭፍጨፋ ደረሰ። ከሞት የተረፉት በብዛት ወደ ምሥራቁ ክፍል ሸሹ። የምሥራቁ ገዥ ኮሎኔል ኦዱሜጉ ኦጁኩ እ.ኤ.አ. በሜይ 30 ቀን 1967 ግዛቱ ከናይጄሪያ ተለይቶ «የቢያፍራ ሪፐብሊክ» መሆኑን አወጀ። በጁላይ ወር ጦርነት ተከፈተ።

የፌዴራሉ ጦር በሜይ 1968 የፖርት ሃርኮርትን ወደብ ሲይዝ ቢያፍራ ከባሕር ተቆረጠች። በስደተኞች የተጨናነቀው ግዛት ከውጭ ይገባለት የነበረው ሥጋ፣ ዓሣና ጨው ቀረ። በሕፃናት ላይ ኳሺዮርኮር የተባለው በሽታ ተስፋፋ። ይህ በሽታ የሚመጣው ከፕሮቲን እጥረት ሲሆን ሆድና እግርን ያሳብጣል፣ የፀጉርንም ቀለም ይለውጣል። በጦርነቱ ያለቀው ሕዝብ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል፤ አብዛኛው የሞተው በጥይት ሳይሆን በረሃብና በበሽታ ነው።

ጸሎትና መዋጮ

በክርስትና ለተራበ መጸለይና ለተራበ ማካፈል ከጥንት ጀምሮ አብረው የሚሄዱ ተግባራት ናቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 እንደተጻፈው፣ በአንጾኪያ የነበሩ ምእመናን የረሃብ ትንቢት በሰሙ ጊዜ እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ለይሁዳ ወንድሞቻቸው ልከዋል። በቢያፍራ ረሃብ ጊዜ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የነበሩ አብያተ ክርስቲያናትም የተጠቀሙት ይህንኑ መንገድ ነው። ስለ ተጎጂዎች ጸሎት ይደረግ ነበር፣ ገንዘብም ይሰበሰብ ነበር።

በቢያፍራ ከነበሩት ካህናት ብዙዎቹ በአየርላንድ የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር አባላት ነበሩ። የረሃቡን ወሬ ለውጭው ዓለም ካደረሱት መካከል እነርሱ ይገኙበታል። የሚስዮን ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ወደ ምግብ ማደያ ጣቢያነት ተለወጡ። የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ በ1969 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳን ሲጎበኙ በካምፓላ ከሁለቱም ወገኖች መልእክተኞች ጋር ተገናኝተው ለማስታረቅ ሞክረዋል፤ ሙከራው ግን አልተሳካም።

የአየር በረራው

ዋናው መነሻ ጣቢያ በዚያን ጊዜ በፖርቱጋል አስተዳደር ሥር የነበረችው የሳኦ ቶሜ ደሴት ነበረች። በኅብረቱ ውስጥ የካቶሊኩ ካሪታስ፣ የስካንዲኔቪያ አብያተ ክርስቲያናት ድርጅትና የአሜሪካና የካናዳ ድርጅቶች ተሰልፈዋል። የአሜሪካ አይሁዳውያንም ተባብረዋል። የኅብረቱ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ጄ.ሲ.ኤ. ስለነበር አብራሪዎቹ በቀልድ «የኢየሱስ ክርስቶስ አየር መንገድ» ይሉት ነበር።

አውሮፕላኖቹ የሚያርፉት ኡሊ በተባለ ቦታ ከተለመደ የመኪና መንገድ ተሰፍቶ በተሠራ ማረፊያ ላይ ነበር። የናይጄሪያ አየር ኃይል ስለሚደበድበው በረራው የሚካሄደው በሌሊት ብቻ ነው። የማረፊያው መብራት የሚበራው አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲቃረብ ለአጭር ጊዜ ሲሆን ወዲያው ይጠፋል። ከተጫነው መካከል የደረቀ ዓሣ፣ ጨው፣ የወተት ዱቄትና መድኃኒት ይገኙበታል። በመልሱ አንዳንድ አውሮፕላኖች በጠና የታመሙ ሕፃናትን ወደ ሳኦ ቶሜና ወደ ጋቦን ወስደዋል። በአደጋና በድብደባ 25 ያህል የበረራ ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የራሱን በረራ ያካሂድ ነበር። በጁን 1969 አንድ አውሮፕላኑ በናይጄሪያ ተዋጊ ተመትቶ ሲወድቅ በረራውን አቋረጠ። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ያለ ናይጄሪያ መንግሥት ፈቃድ ቀጠሉ።

ክርክር

የናይጄሪያ መንግሥት እርዳታው በቁጥጥሩ ሥር ተፈትሾ እንዲገባ ይፈልግ ነበር። የቢያፍራ መሪዎች በበኩላቸው በፌዴራሉ ይዞታ የሚያልፍ ምግብ ሊመረዝ ይችላል በማለት የየብስ መንገድን አልተቀበሉም። የጦር መሣሪያ የሚጭኑ አውሮፕላኖችም በዚያው በኡሊ፣ በዚያው ሌሊት ያርፉ ነበር። የእርዳታ ድርጅቶች በቢያፍራ ውስጥ ለሚያወጡት ወጪ የሚመነዝሩት የውጭ ምንዛሪም ለቢያፍራ መንግሥት ይደርስ ነበር። ተቺዎች በዚህ ምክንያት እርዳታው የማይቀረውን ሽንፈት አዘግይቶ ሞትን አብዝቷል ይላሉ። ደጋፊዎች ደግሞ በዓይን ፊት የሚሞት ሕፃን የፖለቲካ ውሳኔ እስኪሰጥ ሊጠብቅ አይችልም ሲሉ ይመልሳሉ።

ሌላው አከራካሪ ነጥብ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። ቢያፍራ ጦርነቱን ክርስቲያኖችን ለማጥፋት የተከፈተ አድርጋ ታቀርብ ነበር። ሆኖም የፌዴራሉ መሪ ጄኔራል ያኩቡ ጎዎን ራሳቸው ክርስቲያን ነበሩ።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ለናይጄሪያ ጉዳይ ያቋቋመውን የመሪዎች ኮሚቴ የመሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በኦገስት 1968 በአዲስ አበባ በተደረገው የሰላም ንግግር ኦጁኩ ተገኝተው ነበር፤ ንግግሩ ያለ ውጤት ተበተነ።

በዚያው ወር የተዘጋውን የቢያፍራ ሰማይ ዝቅ ብሎ በመብረር የሰበረው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮሰን ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የአምቡላንስ አውሮፕላን አብርሯል። ከ1945 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀትና በማሠልጠን አገልግሏል። በ1969 ግን ከእርዳታ ወጥቶ በትንንሽ አውሮፕላኖች የናይጄሪያን የጦር አየር ማረፊያዎች ደበደበ። ይህም ርኅራኄ ወደ ጦርነት የተሻገረበት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ፎን ሮሰን በኢትዮጵያ በእርዳታ ሥራ ላይ ሳለ በጁላይ 1977 በጎዴ ተገደለ።

ከጦርነቱ በኋላ

ቢያፍራ በጃንዋሪ 1970 እጇን ስትሰጥ በረራው አበቃ። ጎዎን «አሸናፊም ተሸናፊም የለም» ሲሉ አወጁ፤ ሆኖም መንግሥታቸው ቢያፍራን ከረዱ ድርጅቶች እርዳታ አልቀበልም አለ። ብዙ የውጭ ካህናትም ከአገር ተባረሩ። ጎዎን በ1996 እ.ኤ.አ. ለአገራቸው የሚጸልይ «ናይጄሪያ ትጸልያለች» የተባለ እንቅስቃሴ መሥርተዋል።

በቢያፍራ ካገለገሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች አንዳንዶቹ በ1971 «ድንበር የለሽ ሐኪሞች»ን ከመሠረቱት መካከል ናቸው። በ1994 ደግሞ የቀይ መስቀል እንቅስቃሴና የእርዳታ ድርጅቶች የጋራ የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ደንቡ እርዳታ በችግር መጠን ብቻ እንዲሰጥ፣ ለፖለቲካም ሆነ ለሃይማኖት ማስፋፊያ እንዳይውል ይደነግጋል። ካዘጋጁት መካከል ካሪታስ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ይገኙበታል።