ጀልባን በየብስ የሚሸከም፤ ስለ ተሳቢ አመራረጥ

በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ ከአናፖሊስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በሳንዲ ፖይንት መናፈሻ፣ በሐምሌ ወር ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ የተገኘ ሰው፣ በፒካፕ መኪና የተጎተቱ ታላላቅ የሞተር ጀልባዎች ተራቸውን እየጠበቁ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በኋሊት ሲወርዱ ያያል፤ ዓይኑም በሚያብረቀርቀው የጀልባው ገላ ላይ እንጂ ያን ሁሉ ሸክም ከቤት እስከ ውኃ ዳር ባደረሰው ብረት ላይ አያርፍም። ባለቤቱም ራሱ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ስለ ሞተሩ ኃይልና ስለ መቀመጫው ቆዳ ወር ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ፣ ተሳቢውን ግን በአንዲት ሰዓት ተስማምቶ ይገዛል። ይህን ሐተታ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ልማድ ነው፤ ጀልባ በውኃ ላይ ቢበላሽ መልሕቅ ጥሎ ረዳት መጠበቅ ይቻላል፤ ከአራት ሺህ ኪሎ በላይ የሆነ ሸክም በአውራ ጎዳና ላይ አልታዘዝ ቢል ግን፣ መዓቱ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ልጆቹን ጭኖ በአጠገቡ ለሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ ነው።

የነገሩ ሁሉ ዐምድ ክብደት ነው። በሻጩ መግለጫ ላይ ታትሞ የሚገኘው ክብደት ብዙ ጊዜ የባዶ ጀልባ፣ ይኸውም ነዳጅም ውኃም ዕቃም ያልገባበት፣ አንዳንድ ጊዜም ከኋላ የሚሰቀለው ሞተር እንኳ ያልተቆጠረበት ስለሆነ፣ ያን አኃዝ ይዞ ተሳቢ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሳያውቀው ራሱን ያታልላል። ለምሳሌ ርዝመቱ ስምንት ሜትር ያህል የሆነ፣ ከነሞተሩ ባዶውን 2,700 ኪሎ የሚመዝን ጀልባ እንውሰድ። 570 ሊትር ቤንዚን ቢሞላ፣ የቤንዚን አንዱ ሊትር ክብደቱ ከሦስት ሩብ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ ነውና፣ 420 ኪሎ ያህል ይጨምራል፤ 80 ሊትር የመጠጥ ውኃ 80 ኪሎ ነው፤ መልሕቁ ከነሰንሰለቱ፣ ባትሪዎቹ፣ የበረዶ ሣጥኑና የዓሣ ማጥመጃው ተደምረው 200 ኪሎ ቢሆኑ አይበዛባቸውም። እነሆ 2,700 የነበረው 3,400 ሆነ። የተሳቢው የራሱ ክብደት 850 ኪሎ ሲታከልበት ድምሩ 4,250 ይደርሳል። በተሳቢው ሻንሲ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ የተጻፈው የክብደት ወሰን ተሳቢውንና ሸክሙን በአንድነት የሚቆጥር ስለሆነ፣ ከድምሩ ጋር የተካከለውን ሳይሆን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚበልጠውን፣ በዚህ ምሳሌ ወደ 4,800 ኪሎ የሚጠጋውን መምረጥ ይገባል። የሚጎትተውም መኪና፣ ጋንቾውና የጋንቾው ኳስ ሁሉ በዚሁ ልክ መሆን አለባቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ደካማ ከሆነ የቀሩት ብርታት አይጠቅምም።

ክብደቱ ከታወቀ በኋላ አቀማመጡ ይከተላል። ሸክሙ ወደ ኋላ ካደላ በጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀልልና፣ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ተሳቢው እንደ ላም ጭራ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ካደላም የመኪናውን ኋላ ይጫናል፣ የፊት ጎማዎቹ መሬት መጨበጥ ያቅታቸዋል፣ መሪውም በሹፌሩ እጅ ይቀልላል። ለጀልባ ተሳቢ በተለምዶ የሚመከረው ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው በጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ነው፤ ይህም የጀልባውን አፍንጫ የሚይዘውን ምሰሶ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በመግፋት ይስተካከላል። በየአውራ ጎዳናው የጭነት መኪናዎች በሚያርፉባቸው ማደያዎች ለሕዝብ የተከፈተ ሚዛን ስላለ፣ በግምት ከመሄድ ጥቂት ዶላር ከፍሎ ማስመዘን ይሻላል።

ስለ ስፋት ብዙ ማለት አያሻም፤ በአሜሪካ ዋና ዋና ጎዳናዎች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው ሸክም ስፋቱ እስከ 2 ሜትር ከ59 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ የሚሰፋ ጀልባ ያለው ሰው የየግዛቱን ሕግ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ፍሬን ግን ዘለግ ያለ ነገር ይፈልጋል። ብዙ ግዛቶች ከ1,360 ኪሎ በላይ ለሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳሉ። የተለመደው ዓይነት በተፈጥሮ ሕግ የሚሠራ ነው፤ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው በራሱ ግፊት ወደ ፊት ይመጣል፣ ግፊቱም በጋንቾው መያዣ ውስጥ ያለውን ፒስተን ተጭኖ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ይልካል። ብልሃቱ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ ሽቅብ በኋሊት ሲነዳም ያው ግፊት ስለሚፈጠር፣ በዚያን ጊዜ ፍሬኑን የሚፈታ መሣሪያ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሹፌሩ ከመቀመጫው በኤሌክትሪክ የሚያዝዘው ሌላም ዓይነት አለ፤ ለታላቅ ጀልባና ለረጅም ቁልቁለት፣ ዋጋው ቢከብድም፣ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ።

የቼሳፒክ ውኃ የጨው ዘር ያለበት ስለሆነ፣ ቀለም ብቻ የተቀባ ብረት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከውስጥ በዝገት ይበላል። በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣው ብረት ወይም አሉሚኒየም ይሻላል፤ አሉሚኒየሙ ቀላል በመሆኑ ለሸክሙ ጥቂት ኪሎ ይተርፋል። የትኛውም ቢሆን ከውኃ በወጣ ቁጥር በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት።

የጎማውን እምብርት ነገር ያስተማሩኝ በአዲስ አበባ ጋራዥ ብዙ ዘመን የሠሩ፣ ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጣልያን በጋራዦቻችን ትቷቸው የሄደው ኩሽኔታ፣ ባሌስትራና ጋንቾ የሚሉት ቃላት ከእርሳቸው አፍ በሜሪላንድም አልጠፉም። አንድ ወጣት ወገናችን ያገለገለ ተሳቢ ከነጀልባው ሊገዛ ሲል ይዟቸው ሄደ፤ እኔም አብሬ ነበርሁ። ሽማግሌው ጀልባውን ቀና ብለው ሳያዩ ተንበርክከው፣ በክሪክ የተነሣውን ጎማ በእጃቸው አሽከረከሩና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ኩሽኔታው ያለቅሳል» አሉ።

«ጋሼ፣ ጎማው ግን ጥርሱ ሙሉ ነው» አለ ወጣቱ።

ሽማግሌው በጎማው ጎን ዶት ከሚለው ጽሑፍ በኋላ በመጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች በጣታቸው ጠረጉ፤ 2216 ይላል፤ ትርጓሜውም በ2016 በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። «ልጄ፣ የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በቆመበት ያረጃል» አሉት። የተሳቢው የባለቤትነት ደብተር ከጀልባው የተለየ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ በሻንሲው ላይ የተቀረጸውንም ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳከሩ፤ ወረቀቱ ደኅና ነበር፣ ግዢው ግን በዚያ ቀን ቀረ።

ወጣቱ በኋላ ሌላ ጀልባ ከአዲስ ተሳቢ ጋር ገዛ። በመጀመሪያው ጉዞ ሳንዲ ፖይንት እንደ ደረስን ሽማግሌው ከመኪናው ወርደው፣ በተሳቢው አራት ጎማዎች እምብርት ላይ ተራ በተራ መዳፋቸውን አሳረፉ። ሲሽከረከር የቆየ እምብርት እንደ ሞቀ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ በመኮማተሩም ውኃውን በጎሚኒው በኩል ወደ ኩሽኔታው ይስበዋል። ከኋላ በቀኝ ባለው ጎማ ላይ መዳፋቸው ቆየት አለ።

«ይኼኛው ገና ሙቀት አለው፤ እንቆይ» አሉ።

ወጣቱ መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ ለኋለኞቹ መንገድ ለቀቀ። ሦስት ጀልባዎች አልፈውን ወደ ውኃው ወረዱ። ሽማግሌው እንደገና ተነሥተው እምብርቱን ዳሰሱ፣ ራሳቸውንም በአዎንታ ነቀነቁ፤ ወጣቱም የኋላ ማርሽ አስገባ።